በአራት ሞዴል ላይ የሚሠራ የአማርኛ ፍለጋ፦ ጃንጎ፣ ፖስትግሬስ እና የሚጠፉ ውጤቶች

ንባብ_ቤት

ሰላም ለሁላችሁ። እርዳታችሁን ፈልጌ ነው። በጃንጎ (የፓይተን የድረ ገጽ መሥሪያ) የተሠራ የመጻሕፍት ድረ ገጽ አለን። ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ነው። አራት ሞዴል፣ ማለትም የመረጃ ዓይነት፣ አለ፦ መጽሐፍ፣ ደራሲ፣ ጽሑፍ እና የንባብ ዝግጅት። ከላይ አንድ የፍለጋ ሳጥን አለ። ሰው አንድ ቃል ሲጽፍ ከአራቱም ውጤት መምጣት አለበት።

አሁን ለእያንዳንዱ ሞዴል የጃንጎን ሰርች ቬክተር (ጽሑፍን ለፍለጋ ወደ ቃላት የሚከፍል መሣሪያ) ለብቻው እጠራለሁ። ከዚያ አራቱን ዝርዝር በፓይተን አያይዤ ከተፈለገው ቃል ጋር ምን ያህል እንደሚገጥሙ በሚያሳየው ነጥባቸው እደረድራለሁ። ሦስት ደራሲ ያለው መጽሐፍ ሦስት ጊዜ ይመጣል። ገጽ ሁለትን ስከፍት ገጽ አንድ ላይ ያየሁትን እንደገና አገኘዋለሁ። «ፀሐይ» ስል ውጤት አለ፤ «ጸሀይ» ስል ባዶ ነው። «መጽሐፍ» ብዬ ስፈልግ «መጽሐፎች» የሚል ርእስ ያለው ጽሑፍ አይመጣም።

ከሁሉ ግራ ያጋባኝ ግን ሌላ ነው። የራሴ ኮምፒውተር ላይ የሚገኝ ጽሑፍ ሰርቨሩ ላይ አይገኝም። ኮዱ ያው ነው፣ ዳታውም ያው ነው። አንባቢ «ምንም አልተገኘም» የሚለውን አይቶ ይሄዳል። መጽሐፉ ግን እዚያው ቁጭ ብሏል። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

ጃንጎ_ተማሪ

መጀመሪያ የፍለጋውን ኮንፊግ (የቋንቋ ቅንብር) እዪው። ካልነካሽው ኢንግሊሽ ሊሆን ይችላል። አማርኛውን በእንግሊዝኛ ሕግ እየቆራረጠው ይመስለኛል። ቃሉን ሳይቆራርጥ እንዳለ ወደሚወስደው ሲምፕል ለውጪው። እሱ ካልሠራ ኢላስቲክሰርች የሚባለውን ራሱን የቻለ የፍለጋ ሰርቨር ብትተክዪ ይሻላል ባይ ነኝ።

ባክኤንድ_ፒያሳ

ሲምፕል ማድረጉ ጥሩ ነው፤ ግን ከተጠቀሱት ችግሮች አንዱንም አይፈታም። የእንግሊዝኛው ኮንፊግ የአማርኛ ቃል ሲያገኝ የሚያውቀው ቅጥያ ስለሌለበት እንዳለ ይመልሰዋል። ሲምፕል የሚጠቅመው ለእንግሊዝኛ ርእሶች ነው፤ «ዘ» እና «ኦፍ» የመሳሰሉትን ቃላት አይጥልም። ፖስትግሬስ ለአረብኛ፣ ለሂንዲ እና ለታሚል የቃል ሥር አውጪ ይዞ ይመጣል። ለአማርኛ የለውም። ስለዚህ የአማርኛውን ሥራ ራሳችን መሥራት አለብን።

ንባብ_ቤት፣ ያንቺ ችግሮች ሁለት ምንጭ አላቸው። አንዱ አራት ሞዴል በአንድ ላይ ከመፈለግ የሚመጣ ነው። ሌላው ከፊደሉ ነው። ለየብቻ እንያቸው፤ ካደባለቅናቸው አንዱን አስተካክለን ሌላው ሲቀር «አልሠራም» እንላለን።

የመጽሐፉ ሦስት ጊዜ መምጣት ግልጽ ነው። የመጽሐፍና የደራሲ ግንኙነት ብዙ ለብዙ ነው። የደራሲውን ስም በቀጥታ ሰርች ቬክተሩ ውስጥ ስትጨምሪ ዳታቤዙ ሠንጠረዦቹን ያጋጥምና ለእያንዳንዱ ደራሲ አንድ ረድፍ ያወጣል። ድግግሞሽ የሚያስቀረውን ዲስቲንክት ብትጨምሪም ላይጠፋ ይችላል፤ የረድፎቹ ነጥብ ይለያያልና። ስሞቹን መጀመሪያ በስትሪንግ አግ ወደ አንድ ጽሑፍ ሰብስቢያቸው።

የገጽ ሁለቱ ነገር ደግሞ የእኩል ነጥብ ጉዳይ ይመስለኛል። ብዙ ውጤቶች አንድ ዓይነት ነጥብ ሲኖራቸው ዳታቤዙ በየጥሪው በፈለገው ቅደም ተከተል ሊሰጥሽ ይችላል። ከነጥቡ ቀጥሎ መለያ ቁጥሩን መደርደሪያ አድርጊ።

ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ አራት ዝርዝር በፓይተን ማያያዙን ተዪው። ገጽ አሥርን ለማሳየት ከእያንዳንዱ ሞዴል እስከ ገጽ አሥር ያለውን ሁሉ ማምጣት አለብሽ። የአራቱን ጥሪ ውጤት ዳታቤዙ ውስጥ የሚያጣምረውን ዩኒየን ልሞክር ብትዪም የጃንጎ ዩኒየን ዓምዶቹ እንዲመሳሰሉ ይፈልጋል፤ ከዩኒየን በኋላ ፊልተር ማድረግም አይፈቅድም።

የሚሻለው አንድ የፍለጋ ሠንጠረዥ ነው። አራቱም ሞዴሎች እዚያ አንድ አንድ ረድፍ ይኖራቸዋል። ረድፉ የሚይዘው የሞዴሉን ዓይነት፣ የመዝገቡን መለያ ቁጥር፣ ርእሱን፣ የተሰበሰቡ ስሞችን፣ ዋናውን ጽሑፍ፣ የታተመ መሆን አለመሆኑን እና ቀኑን ነው። አንድ ቬክተር ዓምድ፣ በላዩ አንድ ጂን ኢንዴክስ (ቃሉ ያለበትን ረድፍ ቶሎ የሚያገኝ ማውጫ)። ከዚያ አንድ ኩዌሪ (የዳታቤዝ ጥያቄ)፣ አንድ ድርደራ፣ አንድ ፔጅኔሽን (የገጽ አከፋፈል)። ሬይልስ ላይ ፒጂ ሰርች፣ ጃንጎ ላይ ዋትሰን የሚባሉት ላይብረሪዎች የሚከተሉትም ይህንኑ መንገድ ነው።

«የታተመ» የሚለውን ዓምድ አትርሺ። ብዙ ገጾች ላይ ያልታተመ ረቂቅ በፍለጋ በኩል ሾልኮ ይወጣል።

ሰርቨር_ጠባቂ

ኮዱም ዳታውም ያው ሆኖ ሰርቨሩ ላይ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ የዳታቤዙን ሎኬል (የቋንቋና የፊደል ቅንብር) ጠርጥሪ። ሰርቨሩ ላይ ፒኤስኪውኤል የሚባለውን የፖስትግሬስ ትእዛዝ መስጫ ከፍተሽ የዳታቤዞቹን ዝርዝር አውጪ። የትኛው ምልክት ፊደል እንደሆነ የሚወስነው ሲታይፕ የሚለው ዓምድ ምን ይላል? ከዚያ «ይህ ጥሩ መጽሐፍ ነው።» የሚል ዓረፍተ ነገር ጽሑፉ እንዴት በቃላት እንደሚከፈል በሚያሳየው ቲኤስ ዲበግ አስኪጂ። ኮምፒውተርሽ ላይም አስኪጂውና አወዳድሪ።

ንባብ_ቤት

አየሁት! የራሴ ኮምፒውተር ላይ ሲታይፑ የአሜሪካ እንግሊዝኛ ዩቲኤፍ 8 ነው። ሰርቨሩ ላይ ሲ ብቻ ይላል። ቲኤስ ዲበግ ኮምፒውተሬ ላይ «ነው» ብሎ አራት ነጥቡን ለብቻው ያወጣዋል። ሰርቨሩ ላይ ግን «ነው።» አራት ነጥቡን ጨምሮ አንድ ቃል ሆኖ ይወጣል። ምን ማለት ነው ይሄ?

ሰርቨር_ጠባቂ

ያልኩት ነው። ሲ ሎኬል የሚያውቀው አስኪ (መሠረታዊ የእንግሊዝኛ) ፊደላትን ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ያለውን ሁሉ የፖስትግሬስ ፓርሰር (ቃል ከፋይ) በጅምላ እንደ ፊደል ይቆጥረዋል። ለእሱ «።» እና «፣» ከ«ነ» አይለዩም። ስለዚህ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ያለ ቃል ሁሉ ከአራት ነጥቡ ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል። ከነጠላ ሰረዝ በፊት ያለውም እንደዚሁ። ፈላጊው «ነው» ሲል «ነው።» አይመጣም። ቃሉ መሀል ላይ ከተገኘ ይገኛል፣ መጨረሻ ላይ ከሆነ ይጠፋል። ግራ የሚያጋባውም ለዚህ ነው። በቃላቱ መሀል ሁለት ነጥብ የሚያደርጉ የቆዩ ጽሑፎች ካሉሽማ ሙሉው ዓረፍተ ነገር አንድ ቃል ይሆናል።

ሌላም ማረጋገጫ አለ። ቃልን በሦስት በሦስት ፊደል ከፍሎ የሚያወዳድረው ፒጂ ትራይግራም ከተጫነ ሰርቨሩ ላይ የአንድ አማርኛ ቃል ትራይግራሞች እንዲያሳይሽ ጠይቂው። በሲ ሎኬል ባዶ ይመልሳል። እዚያ ደግሞ ተቃራኒ ነው፤ አማርኛውን ጭራሽ ፊደል አይለውም።

መፍትሔው አዲስ ዳታቤዝ መፍጠር ነው። ሲታይፕ አንዴ ከተፈጠረ በኋላ አይለወጥም። ቴምፕሌት ዜሮ ከሚባለው ባዶ መነሻ አዲስ ዳታቤዝ በዩቲኤፍ 8 ሎኬል ፍጠሪ፣ የድሮውን በፒጂ ደምፕ አውጥተሽ እዚያ መልሺው። ትንንሽ ኮንቴይነሮችና የላንግ (የቋንቋ) ቅንብር የሌላቸው ሰርቨሮች ላይ ይሄ በጣም ይደጋገማል።

ባክኤንድ_ፒያሳ

ሎኬሉን አስተካክዪ፤ በዚህ እስማማለሁ። ግን ፍለጋሽ በእሱ ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠል። ነገ ሌላ ሰው ሌላ ሰርቨር ላይ ይተክለዋል። ጽሑፉ ከመጠቆሙ (ኢንዴክስ ውስጥ ከመግባቱ) በፊት የኢትዮጵያ ሥርዓተ ነጥቦች ወደ ባዶ ቦታ ይለወጡ። ዩኒኮድ ላይ ከ፡ እስከ ፨ ያሉት ከ4961 እስከ 4968 ተከታትለው ነው የተቀመጡት። አራት ነጥብን ሁለት ሁለት ነጥብ ደርድሮ የሚጽፍም ብዙ ሰው አለ፤ እሱም አብሮ ይጠራል።

እዚህ ላይ ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የሚጻፈውም የሚፈለገውም በአንድ ፋንክሽን ውስጥ ማለፍ አለበት። አንዱ ጎን አልፎ ሌላው ካላለፈ ፍለጋው ይከሽፋል፤ ስሕተት የሚል ሎግም አታገኚም። ፋንክሽኑን ዳታቤዙ ውስጥ አስቀምጪው። ኢንዴክስ ሲሠራም ኩዌሪ ሲመጣም ያው ፋንክሽን ይጠራ።

ፋንክሽኑ ሥርዓተ ነጥብ ያጠራል፤ ከዚያ ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደላትን ያዋህዳል። ሐ እና ኀ ወደ ሀ ከነዘራቸው። ሃ፣ ሓ፣ ኃም ወደ ሀ። ሠ ወደ ሰ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ዐ ወደ አ። ዓ እና ኣም ወደ አ። ዩኒኮድ ኖርማላይዜሽን ይህን አያደርግልሽም። ለእሱ ሰ እና ሠ እንደ ማናቸውም ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው።

የፖስትግሬስ ትራንስሌት የሚባለው ፋንክሽን ፊደል ለፊደል ይቀይራል። ኢሚዩተብል (ለአንድ ግቤት ሁልጊዜ አንድ ውጤት የሚሰጥ) ስለሆነ በጄኔሬትድ ዓምድ (ዳታቤዙ ራሱ በሚሞላው ዓምድ) ውስጥ ይሠራል። የፊደል ጭረቶችን የሚያነሣውን፣ አንአክሰንት የሚባለውን ኤክስቴንሽን (ተጨማሪ) አትሞክሪ። የራስሽን ሕግ ለመጨመር የሰርቨሩን ፋይል መንካት ይጠይቃል፤ በኪራይ ዳታቤዝ ላይ ደግሞ ያ አይፈቀድም።

የፊደል_ወዳጅ

ልጆቼ፣ ሥራችሁ ያስደስታል። ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። ሠረቀ እና ሰረቀ አንድ አይደሉም። አንዱ ፀሐይ ሲወጣ ነው፣ ሌላው የሌባ ሥራ ነው። ሠዐለ ሥዕል ነው፣ ሰአለ ልመና ነው። እናንተ ሁለቱን አንድ ስታደርጉ ኮምፒውተሩ የፊደሉን ትርጉም ያጠፋል። ልጆች ከስክሪን ላይ ነው የሚማሩት። ነገ ሁሉም «ጸሀይ» ብለው ይጽፋሉ።

ባክኤንድ_ፒያሳ

መምህር፣ ያሉት እውነት ነው፤ የሚገባ ስጋትም ነው። ነገር ግን የሚዋሃደው ማንም የማያየው የፍለጋ ዓምድ ብቻ ነው። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ደራሲው እንደጻፈው ይቀራል። «ጸሀይ» ብሎ የፈለገ ልጅ «ፀሐይ» የሚል ርእስ ይመጣለታል። እንዲያውም ትክክለኛውን አጻጻፍ ያየው በዚህ ምክንያት ነው። ባዶ ገጽ ብንመልስለት ኖሮ አያየውም ነበር።

ለእርስዎ ዓይነት ጠንቃቃ አንባቢ ደግሞ እንዲህ ይደረጋል። ሳይዋሃድ ያለውም ቅርጽ ይጠቆማል። በትክክል «ሠረቀ» ብሎ የፈለገ ሰው «ሠረቀ» ያለበት ከላይ ይወጣለታል፤ «ሰረቀ» ከታች ይከተላል።

የፊደል_ወዳጅ

እንዲህ ከሆነ ይሁን። ጽሑፉ እንዳለ ይታይ፤ ቅድሚያውም ለትክክለኛው ይሰጥ። በርቱ።

ንባብ_ቤት

መምህር፣ እናመሰግናለን። ያሉት በዕቅዱ ውስጥ ይገባል።

ሎኬሉን ቀይሬያለሁ። የአራት ነጥቡ ችግር ጠፋ። አንድ የፍለጋ ሠንጠረዥም ሠራሁ። ፀሐይና ጸሀይ አሁን አንድ ውጤት ይሰጣሉ። የደራሲዎች ስም ፍለጋም በጣም ተሻሽሏል። ኃይሉን አንዱ በኃ፣ አንዱ በሀ፣ ሌላው በሐ ይጽፈዋል።

ትራይግራም ለስሞች ቀድሜ ሞክሬ ነበር፤ ኃይሉና ሀይሉን ግን አያገናኛቸውም ነበር። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። አንድ ፊደል ብቻ ነው የሚለያዩት። «መጽሐፍ» እና «መጽሐፎች» አሁንም አይገናኙም። የቃሉን መጀመሪያ ብቻ የሚያየውን የኮከብ ፍለጋ ሞከርኩ፤ እሱም አልሠራም።

ባክኤንድ_ፒያሳ

ሁለቱም ጥያቄ መልሱ አንድ ቦታ ነው። የአማርኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ምልክት ይዟል። አንድ ፊደል ሲለወጥ ለኮምፒውተሩ ትልቅ ለውጥ ነው።

ትራይግራሙን እንቁጠረው። «ኃይሉ» አራት ትራይግራም ያወጣል። «ሀይሉ»ም አራት። የሚጋሩት የመጨረሻዋን አንዷን ብቻ ነው። አንድ ለሰባት፣ ማለትም 0.14 ገደማ። የፒጂ ትራይግራም መነሻ ወሰን 0.3 ነው። አላለፈም። ካዋሃድሻቸው በኋላ ግን ያው ቃል ናቸው።

የኮከቡ ፍለጋም እንዲሁ። በእንግሊዝኛ ብዙ ቁጥር ከኋላ ይቀጠላል፤ የቃሉ መጀመሪያ አይነካም። በአማርኛ «ፍ» ራሱ «ፎ» ይሆናል። «መጽሐፎች» ውስጥ «መጽሐፍ» የሚባል መነሻ የለም። ኮከቡ የት ያገኘዋል?

መፍትሔው ሁሉንም ፊደል ወደ ሳድስ ማውረድ ነው። መጽሐፍ «ምጽህፍ» ይሆናል። መጽሐፎች «ምጽህፍች»፣ መጽሐፉን «ምጽህፍን»። ከሁሉ የሚያምረው መጻሕፍት «ምጽህፍት» መሆኑ ነው። በግዕዙ መንገድ የበዛውም ይገኛል። አሁን «ምጽህፍ» ከኮከብ ጋር ሁሉንም ያመጣል።

ማውረዱ ቀላል ሒሳብ ነው። የዩኒኮድ የኢትዮጵያ ፊደል ከ4608 ይጀምራል። እያንዳንዱ ቤት ስምንት ስምንት ቦታ ይዟል፤ ሳድሱ ከግዕዙ አምስት ቦታ ርቆ ነው ያለው። የፊደሉን ቁጥር ለስምንት ስታካፍዪ የሚተርፈውን ቀንሺ፣ ከዚያ አምስት ደምሪ። ፎ 4942 ነው፤ ለስምንት ሲካፈል የሚተርፈው 6 ነው። 4936 ሲደመር 5፣ 4941። ፍ ማለት ነው። እስከ 4951 ድረስ ብቻ አድርጊው፤ ከዚያ በኋላ ሥርዓተ ነጥብና ቁጥር ይመጣል። ሏ እና ሟም በዚሁ ሒሳብ ል እና ም ይሆናሉ።

ጃንጎ_ተማሪ

ይሄ ግሩም ነው። ግን ሰም እና ስም አንድ አይሆኑም?

ባክኤንድ_ፒያሳ

ይሆናሉ፤ ሳምም አብሮ። ሰማይ፣ ስሜት፣ ስምንትም በኮከቡ ይጎተታሉ። ስለዚህ የሳድሱን ቅርጽ ዋና ፍለጋ አታደርጊው፤ ዝቅተኛውን ክብደት ስጪው። ፖስትግሬስ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ የሚሉ አራት ክብደቶች አሉት። መነሻቸው 1.0፣ 0.4፣ 0.2 እና 0.1 ነው። የተዋሃደው ርእስ ኤ፣ የሰዎች ስም ቢ፣ ዋናው ጽሑፍ ሲ፣ የሳድሱ ቅርጽ ዲ። በትክክል የተገኘው ከላይ ይወጣል፤ በሳድሱ የተገኘው ከታች ይከተላል። ያልተዋሃደው ቅርጽም ከርእሱ ጋር ኤ ውስጥ ይግባ፤ መምህር የጠየቁት በዚያ ይፈጸማል።

ሁለት ፊደል ላለው ቃል ደግሞ ሳድሱን ከኮከብ ጋር ጭራሽ አትጠቀሚ። «ቤት» ብሎ ለፈለገ ሰው የመጨረሻውን ፊደል ብቻ በሰባቱ ድምፅ አዙሪ። ቤት፣ ቤቱ፣ ቤታ፣ ቤቶ እያልሽ ከኮከብ ጋር በ«ወይም» አገናኚያቸው። ቤቶች፣ ቤቱን፣ ቤታችን ይመጣሉ። የመጀመሪያው ፊደል ስላልተነካ ብዙ አይበላሽም።

የፊት ቅጥያው ይቀራል፤ የ፣ በ፣ ለ፣ ከ፣ ስለ፣ እንደ። «የመጽሐፉ» በኮከብ አይገኝም። እኔ ቅጥያውን ነቅዬ አልጥልም፤ ሁለቱንም እጠቁማለሁ። «የመጽሐፉ» እንዳለ አንድ፣ «መጽሐፉ» ሌላ። የምነቅለው ከነቀልኩ በኋላ ቢያንስ ሦስት ፊደል ሲተርፍ ነው። ከተማ፣ በቆሎ፣ ከበደ በዚህ ይድናሉ። ሁሉም ግን አይድንም። «በሽታዎች» ሲነቀል «ሽታዎች» ይሆናል፤ ሽታ የፈለገ ሰው የጤና ጽሑፍ ሊመጣለት ይችላል። ዝቅተኛው ክብደት ላይ ስላለ ከታች ነው የሚወጣው። ባዶ ገጽ ከማሳየት ይህን እመርጣለሁ።

ኮከብ የምትጠቀሚው የፍለጋ ጥያቄ በሚሠራው የፖስትግሬስ ፋንክሽን፣ በቱ ቲኤስኩዌሪ፣ በኩል ነው። ዌብሰርች ቱ ቲኤስኩዌሪ ኮከቡን አይቀበልም። ቱ ቲኤስኩዌሪ ደግሞ ሰው ያስገባውን ምልክት እንዳለ ከሰጠሽው ስሕተት አውጥቶ ገጹን ይጥለዋል። መጀመሪያ ፊደልና ቁጥር ብቻ አስቀሪ፣ ከዚያ ራስሽ ገጣጥሚው።

ላራቬል_ሐዋሳ

ለማይኤስኪውኤል (ሌላ ዳታቤዝ) ተጠቃሚዎችም አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ጋ «ቡና»፣ «ቤት»፣ «ውሃ» ብለን ስንፈልግ ባዶ ይመልስ ነበር። «ትምህርት» ስንል ግን ይሠራል። የማይኤስኪውኤል ማከማቻ የሆነው ኢኖዲቢ በፉልቴክስት (የጽሑፍ ፍለጋ) ኢንዴክሱ ውስጥ ከሦስት ፊደል በታች ያለውን ቃል አያስገባም። ለእንግሊዝኛ ሁለት ፊደል ያለው ቃል ብዙም አይፈለግም። ለእኛ ግን ሁለት ፊደል ሙሉ ቃል ነው። ዝቅተኛውን የቃል ርዝመት የሚወስነውን ቅንብር ቀንሱት፣ ሰርቨሩን አስነሡት፣ ከዚያ ኢንዴክሱን ጥላችሁ እንደገና ሥሩት። የመጨረሻውን የሚረሳ ሰው ቅንብሩ አልሠራም ብሎ ይተወዋል።

ጃንጎ_ተማሪ

አመሰግናለሁ፣ ብዙ ተማርኩ። የኢላስቲክሰርች ጥያቄዬ ግን አልተመለሰም።

ሰርቨር_ጠባቂ

ኢላስቲክሰርች ኃይለኛ መሣሪያ ነው። ግን እሱም የአማርኛ አናላይዘር (የቋንቋ ተንታኝ) አብሮት አይመጣም። ፊደል የማዋሃዱንና ሳድስ የማውረዱን ሥራ እዚያም ራስህ ትጽፈዋለህ። ጃቫ ላይ ስለሚሠራ ሚሞሪ ይበላል፤ ትንሽ ሰርቨር ላይ ከዳታቤዙ ጋር ይሻማል። ሁለተኛ ዳታ ማከማቻ ማለት ደግሞ ሁለቱን የማመሳሰል ሥራ ማለት ነው። ለየሞዴሉ ለየብቻ ኢንዴክስ ከሠራህም የየኢንዴክሱ ነጥብ በራሱ ቃላት ብዛት ላይ ስለሚሰላ አንዱን ከሌላው ማወዳደር ያስቸግራል። አንድ የመጻሕፍት ገጽ በፖስትግሬስ በደንብ ይስተናገዳል።

ንባብ_ቤት

«ምጽህፍ» ሠራ! መጻሕፍት፣ መጽሐፎች፣ የመጽሐፉ ሁሉም መጡ። በእውነት ደስ ብሎኛል።

አሁን ሌላ ገጠመኝ። አንዳንድ ረድፎች ላይ ቬክተሩ ባዶ ነው፤ ርእሱ ግን አለ። የአንድ ደራሲ ስም ሳስተካክል ደግሞ መጽሐፎቹ በድሮው ስም ነው የሚገኙት። የተሰረዘ ዝግጅትም በፍለጋ ይመጣና ሲጫኑት ገጹ የለም ይላል።

ባክኤንድ_ፒያሳ

ባዶው ቬክተር ከነል (ምንም ካልተሞላበት ዋጋ) የመጣ ነው። ኤስኪውኤል ላይ አንድ ነገር ከነል ጋር ሲያያዝ ሁሉም ነል ይሆናል። ዋና ጽሑፍ የሌለው ዝግጅት ርእሱንም ይዞ ይጠፋል። የጃንጎ ሰርች ቬክተር ይህን ራሱ ይጠነቀቅልሽ ነበር። ጄኔሬትድ ዓምድ ራስሽ ስትጽፊ ግን እያንዳንዱን ዓምድ ነልን በባዶ ጽሑፍ በሚተካው ኮአሌስ ሸፍኚው።

የድሮው ስም የማመሳሰል ጉዳይ ነው። ጄኔሬትድ ዓምድ የሌላ ሠንጠረዥ መረጃ አያይም። ደራሲ ሲቀየር የመጽሐፎቹ የፍለጋ ረድፍ በሲግናል (ለውጥ ሲኖር ጃንጎ በሚልከው ማስታወቂያ) እንደገና መጻፍ አለበት። ደራሲ ወደ መጽሐፍ ሲጨመርና ሲቀነስ ከሴቭ በኋላ የሚላከው ፖስት ሴቭ አይሰማም፤ ለዚያ ኤምቱኤም ቼንጅድ የሚባለው ሲግናል አለ። አፕዴት እና በልክ ክሪኤት ደግሞ የሴቭ ሲግናል አይልኩም። ዳታ በጅምላ የምታስገቢ ከሆነ ይሄ ያስቸግርሻል። ሌሊት ሌሊት ሙሉውን የፍለጋ ሠንጠረዥ ከዋናዎቹ ጋር የሚያመሳክር አንድ ትእዛዝ በክሮን አስቀምጪ። ያመለጠውን ይይዛል።

የተሰረዘው ዝግጅት ጄነሪክ ፎረይን ኪ (ወደ ማንኛውም ሞዴል የሚያመለክት የጃንጎ ማገናኛ) ስለተጠቀምሽ ይመስለኛል። ዳታቤዙ ያንን ግንኙነት አያውቀውም፤ ስለዚህ ራሱ አይሰርዝም። በአራቱም ሞዴል ላይ ጄነሪክ ሪሌሽን ጨምሪ። ያኔ ጃንጎ ዋናውን ሲሰርዝ የፍለጋውንም ረድፍ አብሮ ይሰርዛል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። አንድ ቲኤስቬክተር (የአንድ ረድፍ የፍለጋ ቬክተር) ከአንድ ሜጋባይት መብለጥ አይችልም። የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ነው፤ አንቺ ደግሞ የሳድሱን ቅርጽም ደርበሻል። ሙሉ መጽሐፍ በአንድ ረድፍ አታስገቢ። በምዕራፍ ከፋፍዪው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ከአሜሪካ ነኝ። ለማኅበረሰባችን ልጆች የአማርኛ መጻሕፍት ዝርዝር እየሠራን ነው። ልጆቹ አማርኛ ይናገራሉ፤ ሲጽፉ ግን በላቲን ፊደል ነው። የአማርኛ ኪቦርድም የላቸውም። ለእነሱስ መንገድ አለ?

ባክኤንድ_ፒያሳ

አለ። የሳድሱ ቅርጽ አናባቢውን ጥሎታል፤ ከላቲኑም አናባቢውን ጣዪው። የቀሩትን ተነባቢዎች ወደ ሳድስ ለውጪና ፈልጊ። ልጆቹ ግን ተ እና ጠን፣ ከ እና ቀን፣ ቸ እና ጨን ለይተው አይጽፉም። ለዚህ አንድ ተጨማሪ የላላ ዓምድ ሥሪ፤ እዚያ ላይ ጥ ወደ ት፣ ቅ ወደ ክ፣ ጭ ወደ ች ይሂድ። አ በላቲኑ አናባቢ ብቻ ስለሆነ እዚህ ዓምድ ላይ ይውጣ። ተደጋግሞ የተጻፈ ተነባቢም አንድ ይሁን። ይህ ዓምድ የሚጠራው ግቤቱ በሙሉ ላቲን ሲሆንና ሌላው ፍለጋ ምንም ሳያገኝ ሲቀር ብቻ ነው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን በዚህ ሳምንት እሞክረዋለሁ።

ንባብ_ቤት

የመጨረሻ ጥያቄ ነው። የተገኘውን ቃል በቢጫ ማቅለም ፈለግሁ። ቲኤስ ሄድላይን የተባለውን በዋናው ጽሑፍ ላይ ሳስኬድ ምንም አያቀልምም። በተዋሃደው ጽሑፍ ላይ ሳስኬድ ያቀልማል፤ ግን አንባቢው «ጸሀይ» የሚል ያያል። መምህር የተናገሩት ነገር ይመጣል ማለት ነው።

ባክኤንድ_ፒያሳ

ቲኤስ ሄድላይንን ተዪው፣ በፓይተን ሥሪው። ማዋሃዱ ፊደል ለፊደል ነው። አንድ ፊደል ገብቶ አንድ ይወጣል። ስለዚህ የቃሉ ቦታ አይለወጥም። በተዋሃደው ጽሑፍ ላይ ቃሉ ከ40ኛው እስከ 43ኛው ፊደል ከተገኘ በዋናውም ላይ እዚያው ነው። ቦታውን ከተዋሃደው ውሰጂ፣ ቀለሙን በዋናው ላይ ቀቢ። ሳድስ ማውረዱም ርዝመት አይለውጥም።

ርዝመት የሚለውጠው ምህጻረ ቃል መዘርዘር ነው። ዶ/ርን ዶክተር፣ ት/ቤትን ትምህርት ቤት፣ ገ/ማርያምን ገብረማርያም ካደረግሽ ቦታው ይዛባል። እሱን ከማዋሃዱ ፋንክሽን ውስጥ አታስገቢው። የተዘረዘረውን ለብቻ በሌላ ዓምድ አስቀምጪና ወደ ቬክተሩ ጨምሪው፤ ለማቅለም አትጠቀሚበት።

ንባብ_ቤት

ሠራ። «ጸሀይ» ብዬ ፈለግሁ፤ «ፀሐይ» በቢጫ መጣ። ምህጻረ ቃላቱን ለየኋቸው። ውጤት ያላገኙ ፍለጋዎችንም መመዝገብ ጀምሬያለሁ፤ የትኛው ቃል አሁንም እንደሚያመልጠን ከዚያ ላይ እናያለን። የማዋሃጃውን ፋንክሽን ሙሉ የፊደል ዝርዝር አጽድቼ እዚሁ ክር ላይ እለጥፈዋለሁ። ሲልቨር_ስፕሪንግ፣ የላቲኑን ዓምድ ስትጨርሱ እናንተም ለጥፉልን፤ እኛም አንባቢዎች ውጭ አሉን።